ገመድ ያዥ አይወርድም

ቀኑን በትክክል አላስታውሰውም። ዓመቱንም ቢሆን አጥብቃችሁ ብትጠይቁኝ አንዱን ጠርቼ ተመልሼ ሌላውን እጠራለሁ። ጾም ላይ እንደነበርኩ ግን አውቃለሁ፤ የትኛው ጾም እንደሆነ ነው የጠፋኝ። ነፋሱም ትዝ ይለኛል። ሐርጌሳ ውስጥ አቧራው ከመሬት ተነስቶ ጥርስ መሐል የሚገባበት፣ ሴቶቹ መጎናጸፊያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የሚሄዱበት ወቅት ነበር። የቀረውን፣ ከጠዋቱ የግመል ወተት አንስቶ እስከ ሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ድረስ፣ አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። ቸኩዬ ማውራት አልችልበትምና ታገሱኝ።

ስሜ ዘለቀ ነው። የወሎ ሰው ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ ሲሚንቶ ነው። ሥራዬ ልስን ነበር። ከደሴ ጅግጅጋ፣ ከጅግጅጋ በድንበሩ ከተማ በውጫሌ በኩል ሐርጌሳ እስክገባ ድረስ ስንት ግድግዳ እንደለሰንኩ እኔም አላውቀው። በዚያን ጊዜ ስድሳን ተሻግሬ ነበር። እጄ ደህና ነው፣ ዓይኔም ደህና ነው፤ ጉልበቴ ግን መሰላል አልወጣም አልወርድም ብሎኛል።

የምኖረው ማሕሙድ ሃይቤ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው፤ አንዲት ክፍል ተከራይተን ከጌታሁን ጋር። ጌታሁን የእህቴ ልጅ የአስቴር ባል ነው። ወደዚህ አገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይዤው ስመጣ አስቴር ሁለተኛ ልጇን አዝላ እስከ መናኸሪያው ሸኘችን። እሱን አላናገረችውም፤ እኔን ነው ያየችው። «ጋሼ፣ እንደወሰድከው መልስልኝ» አለችኝ። እኔም ሳላስብ «ምን ችግር አለ» አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል ሲሰጡት ቀላል ነው።

ሥራችን በ26 ጁን ሰፈር የሚሠራ አንድ ትልቅ ሕንጻ ላይ ነበር። በግቢው ሥር ቢርካ አለ። ለማያውቅ ልንገር፤ ቢርካ ማለት ከመሬት በታች በኮንክሪት የሚሠራ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ እዚህ አገር ቤት ያለው ሁሉ ቢርካ ይፈልጋል። የእኛው ሰፊ ነበር፤ ውስጡ ስድስት ምሰሶ አለው፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ሁለት ቀዳዳ። ግድግዳውን የለሰንኩት እኔው ነኝ፤ ያኔ ገና ጣሪያው በኮንክሪት አልተሞላም ነበርና ብርሃንም አየርም ነበረው። ጣሪያው ከተሞላ በኋላ የቀረው ውሃ እንዳያስተላልፍ የሚቀባው ጥቁር ቀለም ነው። ያ ቀለም ሽታው ለብቻው ጉድ ነው። ባልዲው ሲከፈት አጠገቡ የቆመ ሰው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ላይ አንዲት ልጅ ተሾመችብን። ሥራዋ የሠራተኛውን ደህንነት መጠበቅ ነው። የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ግን ድሬዳዋ አድጋ እዚያው ስለተማረች አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። በመጎናጸፊያዋ ላይ ነጭ ሄልሜት ደፍታ በግቢው ስትገባ ሠራተኛው ሁሉ «ሴፍቲ መጣች!» ይባባልና የጣለውን ሄልሜት ፍለጋ ይበታተናል። ስሟ ሴፍቲ ሆኖ ቀረ። የተሰጠንን ዕቃ በቁም ነገር የሚያየው ሰው አልነበረም። አንዱ ልጅ ሄልሜቱን ገልብጦ ዋሄን ገበያ ሎሚ ሲገዛበት በዓይኔ አይቻለሁ። ጓንቱ ለትኩስ ድስት ማውጫ ቤት ይወሰዳል። ደረትና ጭንን የሚያስረውን የደህንነት ቀበቶ ጌታሁን «ኮርቻ» ብሎ ሰየመው። ሁለት ክብ ማጣሪያ ያለውን ማስክ ደግሞ «ልጓም» አለው። ጠዋት ጠዋት ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ኮርቻና ልጓሜን አምጡልኝ፣ ዛሬ የምጫነው ብዙ ነው» ሲል ግቢው በሳቅ ይሞላል።

ሴፍቲ ሦስት ቀን በቆርቆሮ ጥላ ሥር አስቀምጣ አስተማረችን። ቢርካ የሚገባ ሰው ማስክ ያደርጋል፣ ቀበቶ ይታጠቃል፣ ቀበቶው ላይ ገመድ ይታሰራል። ገመዱ በቀዳዳው ላይ በተተከለ ባለ ሦስት እግር ብረት አልፎ እጀታ ባለው ማንሻ ይጠቀለላል። በሌላኛው ቀዳዳ በኩል ማራገቢያ በወፍራም ቱቦ ንጹሕ አየር ይሰጣል። ከላይ ገመዱን የሚጠብቅ አንድ ሰው ይቀመጣል። ጉልበቴን ስላዩ ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

«ገመድ ያዥ ሦስት ቃል አለበት» አለችኝ፤ በአማርኛ የጻፈችውን ወረቀት ፊቴ ዘርግታ። «ሰው ታች እያለ ከቀዳዳው አፍ አይነሳም። የተለወጠ ነገር ካለ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ለእኔ ይነግራል። ደግሞ ምንም ቢመጣ ወደ ታች አይወርድም።»

የመጨረሻው አልተዋጠልኝም። «ታች ያለው ልጄ ቢሆንስ?»

«ቢሆንም፣ አባባ።»

«እንዴት ነው ቢሆንም? እወርዳለሁ እንጂ!»

«እንግዲያው አይፈርሙ» አለች ረጋ ብላ። «ታች ያለውን ሰው የሚጥለው አየሩ ነው። እርስዎንም ያው አየር ነው የሚቀበልዎ። ያኔ ሁለት ሰው ነው የማወጣው፤ ከሁለቱ አንዱም ላይነሳ ይችላል።»

ፈረምኩ። በሆዴ ግን «ይሁንና እወርዳለሁ» እያልኩ ነው የፈረምኩት። ልጅቷን ዋሸኋት ማለት ነው።

ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ጠዋት ስንደርስ የከተማው መብራት ጠፍቷል። ማራገቢያው እስከዚያ ቀን የሚሠራው በከተማው መብራት ነበር። ሴፍቲ የለችም፤ አዲስ የማስክ ማጣሪያ ልታመጣ ሄዳለች። እኔ ምን አደረግኩ? የማራገቢያውን ሶኬት ነቅዬ ለሲሚንቶ ማቡኪያው ሲባል በየቀኑ ከግቢው ጀርባ ከሚጮኸው ጀነሬተር በመጣው ገመድ ላይ ሰካሁት። ማራገቢያው ተነሳ፣ ቱቦው ተነፋ፣ ደስ አለኝ። ለማንም አልነገርኩም። ምን የሚነገር አለው? መብራት መብራት ነው ብዬ።

ጌታሁን በጀሪካን የግመል ወተት ይዞ መጣ። ይሄ የሙያችን እምነት ነው፤ ወተት ጠጥተህ ቀለም ከቀባህ ሽታው አይይዝህም ይባላል። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አምኜበት ኖሬያለሁ። እርጥብ ፎጣ አፍንጫ ላይ፣ ወተት ሆድ ውስጥ፤ የኛ መከላከያ ይኸው ነበር።

«አንተ፣ ጾም አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ ምግብ አይደለም። መድኃኒት ነው።»

«አንድ ሊትር ሙሉ?»

«ያዘዘችው ግመል ናት። ትልቅ ስለሆነች ብዙ ነው የምታዘው።»

ጠጥቶ አፉን ጠረገና ቀበቶውን ታጠቀ። ገመዱን ላስርለት ስል ግን እጄን ያዘኝ።

«ኮርቻው ይሁን። ገመዱን ተወኝ።»

«ለምን?»

«ምሰሶ ለምሰሶ ስዞር እንደታሰረች ጊደር ያደርገኛል። ትናንት ሁለቴ ጠልፎ ጣለኝ። ሴፍቲም የለችም።»

«እኔ አለሁ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ አንተ ሴፍቲ የሆንከው? ወተቴን ጠጥቻለሁ እኮ!»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ገመዱን ያሰርኩት ለደንቡ ተጨንቄ አይደለም። እልህ ነው የያዘኝ። «ከመቼ ወዲህ» ሲለኝ ሽማግሌነቴን የናቀ መሰለኝና «ካልታሰርክ አትወርድም፣ በቃ!» ብዬ በጀርባው በኩል ቀለበቱ ላይ ቆለፍኩት። አኩርፎ ወረደ። እልህ አንዳንዴ ሰው ያድናል፤ እኔ ግን አልመካበትም።

እስከ ቀትር ድረስ ሥራው ሄደ። በየመካከሉ ገመዱን አንዴ ሳብ አደርጋለሁ፤ «ደህና ነህ?» ማለት ነው። እሱም አንዴ ይስባል፤ «ደህና ነኝ።» ከታች የግንባሩ መብራት ወዲያ ወዲህ ስትል ትታየኛለች። ከጀርባ ጀነሬተሩ ያጓራል፣ ሲሚንቶ ማቡኪያው ይንገጫገጫል፣ የማራገቢያው ድምፅ በዚያ ሁሉ መሐል ተውጧል።

የዙህር አዛን ተሰማ። የዚህ አገር ሠራተኞች ዕቃቸውን እያስቀመጡ ለውዱእ፣ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ሄዱ። ጀነሬተሩን የሚጠብቀው አዳን ይባላል፤ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። በየቀኑ በዚያ ሰዓት ጀነሬተሩን ያጠፋል፤ ሶላት ላይ ጩኸት አይወድም። በየቀኑ! እኛም ያቺን ሰዓት እንወዳታለን። ጆሯችን ያርፋል። እነሱ ይሰግዳሉ፣ እኛ ክርስቲያኖቹ ደግሞ በጸጥታው ውስጥ ቀስ ብለን እየሠራን እንጨዋወታለን።

ጀነሬተሩ ጠፋ። እኔም እንደ ወትሮው «እፎይ» አልኩ።

አያችሁ? እፎይ አልኩ። ማራገቢያው አብሮ እንደጠፋ ጆሮዬ ሊነግረኝ አልቻለም፤ ያ ዝምታ የለመድኩት ዝምታ ነውና፤ ማራገቢያውም ድሮውንም ድምፁ ደካማ ነው።

ጌታሁን ከታች አንድ ነገር ተናገረ። ማስኩ አፍኖታል።

«ምን አልክ?»

«ምምምም።»

«አልሰማህም! በደንብ ተናገር!»

ጥቂት ቆየና ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ። «ማታ ሽሮ ነው ወይስ ምስር? ነው የምልህ።»

ሳቅኩ። «ኩርፊያህ ለቀቀህ ማለት ነው? ሽሮ ነው።»

«ከነገም ወዲያ ሽሮ፣ ከዚያም ወዲያ ሽሮ» አለና በዚያው ዜማ አወጣለት። እንዲህ ነው እሱ፤ ከአፉ የወጣውን ሁሉ ይዘፍነዋል። እኔን፣ ጉልበቴን፣ ሽሮዬን እየጠራ ያንጎራጉራል። ቢርካው ደግሞ ድምፅ ያሳምራል። ደስ ብሎኝ እሰማለሁ። ድምፁ ለምን ጥርት እንዳለ ግን አልጠየቅኩም። በደንብ ተናገር ያልኩት እኔ፣ ማስኩን ያወለቀው ለእኔ ብሎ።

አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ ደገመው። ሦስተኛ ደገመው። ቀልድ መሰለኝ። አራተኛው ላይ ግን ቃሉ ተንቀረፈፈ፤ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ምላሱ ከበደው። ከዚያ ባልዲው ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ ምንም።

«ጌታሁን?»

ገመዱን አንዴ ሳብኩ። መልስ የለም። ደግሜ ሳብኩ። አንገቴን ወደ ቀዳዳው ሳዘነብል ሽታው ፊቴን እንደ ጥፊ መታው። የግንባሩ መብራት ወለሉ ላይ ተጋድማ አንድ ቦታ ብቻ ታበራለች። ቀና ስል ዓይኔ ሌላኛው ቀዳዳ ላይ አረፈ። ጠዋት ተነፍቶ የነበረው የማራገቢያ ቱቦ እንደ ባዶ ጆንያ ተኝቷል።

ያኔ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሶኬቱ። ጀነሬተሩ። ሶላቱ።

ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ነገር የለም። መናኸሪያው ነው የታየኝ፤ አስቴር፣ የታዘለው ልጅ፣ «እንደወሰድከው።» ያ መሰላል እንቢ ያለው ጉልበቴ እንዴት እንደታዘዘኝ አላውቅም፤ አንድ እግሬ ሁለተኛው እርከን ላይ ደርሷል። ወገቤ ድረስ ገብቻለሁ።

ከኋላዬ ሁለት እጆች ሰደርያዬን ጨመደዱት።

«አባባ! ይውጡ!»

ሴፍቲ ናት። በኋላ እንደነገረችኝ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ጥበቃው «መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም» ይላታል። የጀነሬተር ድምፅ ደግሞ አትሰማም። ማጣሪያውን እዚያው ጥላ ሮጠች።

«ልቀቂኝ! የእህቴ ልጅ ባል ነው!»

«አውቃለሁ!»

«ልጆች አሉት!»

«ወላሂ አውቃለሁ! አባባ፣ ይስሙኝ። ገመዱ ላይ ታስሯል ወይስ አልታሰረም?»

«ታስሯል!»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው የሚወርዱት? ይሳቡት እንጂ!»

ይህን ስትል አንድ ነገር ከዓይኔ ላይ ተገፈፈ። እጄ ሥር፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ማንሻው ቆሟል። እኔ ግን አጠገቡ ሆኜ ረስቼው ወደ ጉድጓድ እየገባሁ ነበር። ወጣሁ። እጀታውን ያዝኩ። እሷ ወደ ሰጋጆቹ ዞራ በሶማሊኛ ጮኸች፤ ጀነሬተሩን አስነሱ ማለቷ ነው። ጮኻ ሳትጨርስ አዳን በባዶ እግሩ ሲሮጥ አየሁት።

ማንሻውን አዞርኩ። ገመዱ ተወጠረ፤ ጥቂት ተጠቀለለና ቀጥ አለ። ብጭነውም አይንቀሳቀስም።

«አልመጣም! ተያዘ!»

ሴፍቲ በሌላኛው ቀዳዳ ላይ በደረቷ ተኝታ የእጅ ባትሪ አበራች። ፊቷን በክንዷ ሸፍና ነው የምታየው። «ገመዱ አንዱ ምሰሶ ላይ ተጠልፏል!»

«ከአንቺ በኩል ሁለተኛው ነው? ከጉልበት ከፍ ብሎ?»

«አዎ! እንዴት አወቁ?»

እንዴት አላውቅ! ያንን ምሰሶ የለሰንኩት በእጄ ነው። ከኮንክሪቱ አንዲት የብረት ጫፍ ወጥታ ነበር፤ «ኋላ እቆርጣታለሁ» ብዬ የተውኳት። የጣት ርዝመት ብትሆን ነው። እዚያች ላይ ነው የተጠለፈው። ወዲያው ልቤ መለስ አለ፤ ቦታውን አውቀዋለሁና። «ስታጃውን ውሰጂ!» አልኳት። ስታጃ ልስን የምናስተካክልበት ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። «እኔ ገመዱን አላላለሁ። አንቺ ከሥር ወደ ላይ ግፊው። ወደ ጎን አይደለም፣ ወደ ላይ! ብረቷ ወደ ላይ ነው የታጠፈችው!»

ያን ጊዜ ጀነሬተሩ ተነሳ። ቱቦው አንዴ ተንቀጠቀጠና ሆዱ ተነፋ። በሕይወቴ ከዚያ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም።

አዳን ተመልሶ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቱቦውን አየ፣ እኔን አየ። ፊቱ አመድ ሆነ። ሊወርድ እግሩን መሰላሉ ላይ አደረገ።

ማንሻው ሲለቁት ራሱን ይቆልፋል። ለቀቅኩትና የአዳንን ሸሚዝ ከኋላው ጨመደድኩት፤ ልክ እኔ እንደተያዝኩት። የማውቃት ሶማሊኛ ትንሽ ናት፤ በዚያችው ጮኽኩበት። «ማያ! ሃ ደጊን!» አትውረድ ማለት ነው።

«አዴር፣ አኒጋ!» አለኝ እያለቀሰ። አዴር ለትልቅ ሰው የሚሉት ነው፣ አጎቴ እንደማለት። «አኒጋ! አኒጋ!» እኔ ነኝ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለቱ ነው።

«እኔም ነኝ» አልኩት በአማርኛ። ይግባው አይግባው አላውቅም። «እኔም ነኝ፣ አዳን። ና፣ አብረን እንሳብ።»

ወጣ። እጀታውን አብሮኝ ያዘ። በሴፍቲ ትእዛዝ ገመዱን አላላነው። ስታጃው ከታች ኮንክሪት ሲፍቅ ይሰማኛል። አንዴ ሞከረች፣ ተንሸራተተ። ሁለተኛ ሞከረች። ሌሎቹም ሰጋጆች መጥተው ከበውናል፤ አንዱ የሴፍቲን እግር ይዟል እንዳትገባ። ሦስተኛው ላይ ገመዱ ዘለል ብሎ እጃችን ላይ ቀለለ።

«ወጣ! አሁን! ቀስ እያላችሁ!»

አዞርን። ክክ፣ ክክ፣ ክክ ይላል ማንሻው። መጀመሪያ ሄልሜቱ መጣ፣ ከዚያ ፊቱ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ማስኩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ያ ኮርቻ ብሎ የሳቀበት ቀበቶ በሁለት ብብቱና በሁለት ጭኑ ይዞ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣልን።

መሬት ላይ ስናስተኛው ሆዱ ተገላበጠና ያ ሁሉ ወተት ወደ አፉ መጣ። እኔ ጭንቅላቱን ቀና ላደርግ ስል ሴፍቲ ገፋችኝ፤ ወደ ጎኑ ገለበጠችው፣ ጣቷን አፉ ውስጥ ሰዳ ጠረገችው። «በጀርባው ቢሆን ይኼ ሳንባው ይገባ ነበር» አለች። መድኃኒት ያልነው ወተት ሊያንቀው ነበር።

«ይተነፍሳል?»

«ይተነፍሳል። ትንሽ ትንሽ። መኪና!»

በፒካፕ ጀርባ ጭነን ሄድን። በጎኑ እንዳለ ነው፤ ጭንቅላቱ አዳን ጭን ላይ፣ እጁ በእጄ። ሆስፒታል ሲያስገቡት ኦክስጅን አደረጉለትና መጋረጃ ዘጉብን። እኔና ሴፍቲ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አዳን መቀመጥ አልቻለም፤ በኮሪደሩ ይመላለሳል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ነው።

ኪሴ ውስጥ ስልክ ጮኸ። የጌታሁን ስልክ ነው፤ ሲወርድ ለእኔ ይሰጠኛል። አስቴር ናት። ከምሳ በኋላ ትደውልለታለች፤ ሁልጊዜ። እጄ ላይ ሲጮኽ ሳላነሳው አየሁት።

«አያንሱት» አለችኝ ሴፍቲ። «የሚነግሯት ነገር ገና የለዎትም። ሲኖርዎ ያነሳሉ።»

ቆመ። ደግሞ ጮኸ። ደግሞ ቆመ።

ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተናገርኩ። «ሶኬቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ። አልነገርኩሽም።»

«ገምቻለሁ።»

«ማስኩንም ያስወለቅኩት እኔ ነኝ። አልሰማህም ብዬ።»

ሄልሜቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች።

«ስፈርምልሽም ዋሽቼሻለሁ። እወርዳለሁ ብዬ በሆዴ ነበር።»

«እሱንስ ያኔውኑ አይቻለሁ። ፊትዎ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አስቀመጥሽኝ?»

«ቦታውን እንደማይለቁ ስላየሁ።» መጎናጸፊያዋ ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ በጣቷ እያሸች ቀጠለች። «የእኔም ጥፋት አለበት፣ አባባ። ቢርካ የሚገባውን ሁሉ አስተማርኩ። አዳን ግን ቢርካ አይገባም ብዬ አልጠራሁትም። የጀነሬተሩ ቁልፍ ደግሞ በእሱ እጅ ነበር።»

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኾ ቆመ።

የከሰዓቱ የዐስር አዛን ካለፈ በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ በሶማሊኛ አናገራት። ፊቷን ብቻ ነበር የማየው። መጀመሪያ ትከሻዋ ወረደ፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና «አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ በላይ ትርጉም አላስፈለገኝም።

ገባን። ጌታሁን ዓይኑን ገልጧል። ማስክ ተደርጎለታል፤ የሆስፒታሉን ማለቴ ነው። ሊያወልቀው ሲል ሦስታችንም አንድ ላይ «ተው!» አልን። በማስኩ ውስጥ የሆነ ነገር አጉረመረመ። በዚህ ጊዜ አልሰማህም አላልኩትም፤ ጆሮዬን አስጠጋሁለት።

«ጋሼ... ልጓሙን ቀየራችሁብኝ?»

ሳቄና እንባዬ ተደባለቀብኝ። ሴፍቲ ለአዳን ስትተረጉምለት እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ፣ ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ስልኩ ለአራተኛ ጊዜ ጮኸ። አነሳሁት። «አስቴር፣ እኔ ነኝ። ሥራ ላይ ወድቆ ነበር፤ አውጥተነዋል፤ ይሰማሻል» ብዬ ጆሮው ላይ አደረግኩለት። የእሷን ልቅሶ እኔም ሰማሁት። እሱ «አለሁ፣ አለሁ» ብቻ ነበር የሚላት።

ጌታሁን ሁለት ቀን ተኝቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ በግቢው የተለወጠውን ልንገራችሁ። የዙህር አዛን ሲሰማ ቢርካ ውስጥ ሰው አይኖርም፤ የሚሰግደውም የማይሰግደውም ይወጣል። ሰው ታች እያለ ደግሞ የጀነሬተሩ ቁልፍ የሚቀመጠው እኔ አንገት ላይ ነው፤ ከማተቤ ጋር። አዳን ሊያጠፋ ሲል ይመጣና ጎንበስ ብሎ «አዴር፣ ሰው አለ?» ይለኛል። ይህችን አማርኛ ለዚሁ ብሎ ተማራት። እኔ ቀበቶና ማስክ እቆጥራለሁ፤ ሁሉም መስቀያቸው ላይ ከተሰቀሉ ሰው የለም ማለት ነው። «የለም» እለዋለሁ፤ ቁልፉን አውልቄ እሰጠዋለሁ። ያችን የብረት ጫፍ ደግሞ በአደጋው ማግሥት፣ ጌታሁን ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ ራሴ ወርጄ ቆረጥኳት፤ ታጥቄ፣ ታስሬ፣ ማስክ አድርጌ፣ ጉልበቴ እየጮኸ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ዕድሜያችሁን ሙሉ ቢርካ አትወርዱ ይሆናል። ግን ሄልሜቱን ሎሚ መግዣ ያደረገ ሰው በየቤቱ አለ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ መከላከያ የሚያደርገው ፈሪ ሰው ይመስለኝ ነበር። ሠላሳና አርባ ዓመት ያለ ጓንት ሠርቼ እጄ ስላልወደቀ አዋቂ ነኝ ብዬ ነበር። ዕድለኛ ነበርኩ እንጂ አዋቂ አልነበርኩም፤ ሁለቱን ለይቼ ያወቅኩት በዚያ ቀን ነው። ሰው ሲወድቅ ዘሎ መግባት ቀላል ነው፤ ልብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከላይ ቆሞ እጀታውን ማዞር ነው ከባዱ። ዛሬ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ በአማርኛ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ አራተኛ ክፍል ያቆምኩት ሰውዬ። ወተት ይዞ የመጣ ካለ «ጠጣው፣ ለሆድህ ጥሩ ነው፤ የምትተነፍሰው ግን በሆድህ አይደለም» እለዋለሁ። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ ሳቁን ሲጨርስ ገመዱን አስርለታለሁ።

ጌታሁን ወደ ሥራ በተመለሰበት ቀን ሴፍቲ ያንን ወረቀት እንደገና ይዛልኝ መጣች። የድሮውን ቀድታ አዲስ አድርጋዋለች፤ በአማርኛም በሶማሊኛም ተጽፏል፤ አዳንም ከጎኔ ቆሟል ሊፈርም።

«ታች ያለው ልጅዎ ቢሆንስ?» አለችኝ፤ በዚህ ጊዜ ጠያቂዋ እሷ ናት።

«አልወርድም» አልኳት። «እስበዋለሁ።»

ዓይኔን አየችኝ። እውነት መሆኑን አየች መሰለኝ፣ እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። ፈርሜ ስጨርስ አንድ ነገር አሳፈረኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሴፍቲ፣ ሴፍቲ እያልን ስንጠራት፣ ስሟን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ያኔ ጠየቅኳት። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሰደርያዬን ይዛ እኔን ለቤቴ፣ ጌታሁንን ለአስቴር የመለሰችው ልጅ ሆዳን ትባላለች።